ፎቶው ያምራል፣ ሳይክሉ ግን የት አለ?

ፔዳ ስሙን ያገኘው ከፔዳል ሳይሆን ከፔዳጎጂ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋህዶ በ1992 ዓ.ም. ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም፣ ሰዉ ያሳጠረውን ስም አልጣለውም። ያም ሆኖ ፔዳ ከፔዳል የራቀ ሰፈር አይደለም። ባህር ዳር ሜዳ ናት። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ካልወጡ በቀር ዳገት ብሎ ነገር እምብዛም አያጋጥምም። ባጃጅ ሳይገባ በፊት ተማሪው ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ቢሮ፣ እናቶች ገበያ የሚሄዱት በሳይክል ነበር። ዛሬም ቢሆን ባህር ዳር ሲነሳ ከጣናና ከዘንባባው ቀጥሎ የሚጠራው ሳይክሉ ነው።

ያገለገለ ሳይክል መግዛት ድሮ ቀላል ነበር። ሻጩ የሰፈር ልጅ ነው፤ እናቱ ይታወቃሉ፤ ሳይክሉን ሲነዳው ከተማው ሁሉ አይቶታል። አሁን ገበያው ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ወጥቷል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲጠፋ ገበያውም አብሮ ጠፍቶ ነበር። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሻጩም ተመለሰ፤ አጭበርባሪውም አብሮ።

በዚህ ገበያ በቀላሉ የሚጎዳው ደግሞ ለስፖርቱ ብሎ ሳይክል የሚፈልገው ወጣት ነው። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚሁ ውድድር ሦስት ኤታፕ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲለብስ ያየ ልጅ ኮርስ ሳይክል ቢመኝ አይፈረድበትም። አዲስ ኮርስ ግን ከአቅሙ በላይ ነው። ያለው አማራጭ ያገለገለ ነው። ለወራት ያጠራቀማት ገንዘብ አንዴ ከእጁ ከወጣች ሳይክሉም ልምምዱም አብሮ ይቀራል።

ነገሩ የሚጀምረው በማስታወቂያው ነው። «ለአስቸኳይ የሚሸጥ፣ ከውጭ የመጣ፣ ምንም ያልተነካ፣ ባለቤቱ አገር ሊለቅ ስለሆነ» ይላል። ዋጋው ሌላው ከሚጠይቀው ግማሽ ነው። ርካሽ ሁሉ ሌብነት ነው ማለት አይደለም። ትምህርቱን ጨርሶ የሚሄድ ተመራቂ ሳይክሉን ጥሎት ላለመሄድ ብሎ በቅናሽ ይሸጣል። ግን ተመራቂው ፔዳ አለ፤ ኑና እዩት ይላል። አጭበርባሪው «ኑና እዩት» አይልም።

ቀጥሎ ፎቶው ነው። ሳይክሉ የቆመበት ግቢ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተከርክሟል፣ ከኋላው ያለው ታርጋ የአውሮፓ ነው፣ አንዳንዴም በረዶ ይታያል። ጣና ዳር በረዶ የለም። ፎቶውን በጉግል ሌንስ ቢፈልጉት ከአንድ የውጭ አገር ሱቅ የተወሰደ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ባይገኝም ማጣሪያ አለ። ሻጩ የገዢው ስምና የዛሬው ቀን የተጻፈበት ወረቀት ኮርቻው ላይ አስቀምጦ አሁኑኑ ፎቶ እንዲያነሳ መጠየቅ ነው። ሳይክሉ አጠገቡ ካለ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። «ካሜራዬ ተበላሽቷል»፣ «ሳይክሉ ዘመድ ጋ ነው»፣ «ካላመንከኝ ተወው» ከመጣ ነገሩ አለቀ።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን ስፖርተኛው በቀላሉ የሚያውቀው ነው። ኮርስ ሳይክል እንደ ጫማ ቁጥር አለው። ሃምሳ አራት ነው ወይስ ሃምሳ ስምንት? የኋላው ማርሽ ስንት ጥርስ ነው? ካቴናው መቼ ተቀየረ? የመጨረሻው ጎማ የት ተገዛ? ሳይክሉ የነዳው የራሱ ከሆነ ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ እንዲያውም ያልተጠየቀውን ሁሉ ይጨምራል። የትኛው መንገድ ላይ እንደወደቀበት፣ ለምን ኮርቻውን እንደቀየረ ሳይነግር አይለቅም። ሳይክሉን ነድቶት የማያውቅ ሰው ግን «ሁሉም ኦሪጅናል ነው» ብሎ ያልፋል። ደግሞ ሲጠየቅ ይቆጣል። ሳይክሉን ሳያውቀው ዋጋውን ብቻ የሚያውቅ ሻጭ ያጠራጥራል።

ከዚያ የቀብድ ጥያቄ ይመጣል። ሻጩ አዲስ አበባ ነው፤ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ። በአውቶቡስ ጭኖ ይልካል፤ «ብዙ ሰው ስለፈለገው» ቀብድ በቴሌብር ይላክለት። ቀብዱ ሲገባ የመጫኛ ይጠየቃል፣ ቀጥሎም የጉምሩክ ምናምን። በመጨረሻ ስልኩ ይዘጋል፤ ቻናሉም ስሙን ቀይሮ ሌላ ሳይክል ይለጥፋል። አስተያየት መስጫው የተዘጋ፣ ከተከፈተ ሳምንት ያልሞላው፣ ስልክ ቁጥር የማይሰጥ ቻናል ላይ ቀብድ መላክ ጣና ላይ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ዘመዱን ልኮ ያሳያል፤ የሌለው ይተወዋል፤ ሌላ ሳይክል አይጠፋም።

ሌላው ደግሞ ሳይክሉ በእርግጥ ያለ፣ ግን የሻጩ ያልሆነ ነው። ይሄኛው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ታይቶ፣ ተነድቶ፣ ደስ ብሎ ሊገዛ ይችላል። መፍትሔው ያለው ሳይክሉ ሆድ ሥር ነው። ሳይክሉን ገልብጦ ሁለቱ ፔዳሎች የሚያያዙበት ቦታ ሥር ሲታይ በአብዛኛው የተቀረጸ ቁጥር አለ። ቁጥሩ በሞረድ ከተፋቀ፣ እሱ ቦታ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ ወይም ሻጩ የቁጥሩን ፎቶ አልልክም ካለ መጠርጠር ነው። የፊት ቸርኬውና የኋላው የማይመሳሰሉ ከሆነም ከየት እንደመጡ ይጠየቃል፤ የተሰረቀ ሳይክል ተፈታትቶ ሊሸጥ ይችላልና።

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የጣሊያኑ «የብስክሌት ሌቦች» ፊልም ላይ ሳይክሉ የተሰረቀበት አባት ሮም ገበያ ውስጥ ሳይክል የሚቀባ ሰው ያገኛል። የሚጠይቀውም አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሩን አሳየኝ። ሰውየው እምቢ ይላል፤ ፖሊስ ይጠራል፤ ቁጥሩም የሱ ሳይሆን ይቀራል። እንዲህ ያለው ስርቆት የድሃ ብቻ አይደለም። በቶኪዮ ኦሊምፒክ በቡድን ወርቅ ያጠለቀው የጣሊያን የትራክ ቡድን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ፈረንሳይ ውስጥ ለዓለም ሻምፒዮና በሄደበት 22 ሳይክል ተሰርቆበት ነበር። ሳይክሎቹን በኋላ ያገኛቸው የሮማኒያ ፖሊስ ነው።

በሕጉም ቢሆን ቀልድ የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛን ሰው ይቀጣል። ሳያውቅ የገዛውም ቢሆን ባለቤቱ መጥቶ ንብረቱን ሊጠይቀው ይችላል፤ ያኔ ገንዘቡን ለማግኘት ሻጩን ፍለጋ መዞር የገዢው ዕጣ ነው። ለዚህ ነው ሁለት ምስክር ያለበት፣ የሻጩ መታወቂያና የሳይክሉ ቁጥር የተጻፈበት አንድ ገጽ ውል የሚያስፈልገው። ሳይክል እንደ መኪና ሊብሬ የለውም፤ ይህቺ ወረቀት ናት ሊብሬው።

ርክክቡ በቀን፣ ሰው ባለበት ቢሆን ይመረጣል። ለፔዳ ልጅ የግቢው በር ከበቂ በላይ ነው። የሚያምኑትን ሳይክል ሠሪ ይዞ መሄድም አይጎዳም፤ የሻይ ሂሳብ ብትወጣ ነው። ሠሪው ቸርኬውን አሽከርክሮ፣ ፍሬኑን ይዞ፣ መሪው አካባቢ ስንጥቅ ካለ ፈልጎ ይነግራል። በተለይ ካርቦን የሆነ ኮርስ ወድቆ ተሰንጥቆ በቀለም ሊሸፈን ይችላል፤ ቁልቁለት ላይ ሲሰበር ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይሆንም።

ሻጩም ቢሆን ነፃ አይደለም። ገዢ ነኝ ባይ የባንክ ደረሰኝ ፎቶ አሳይቶ፣ «ኔትወርክ ነው፣ አሁን ይገባልሃል» ብሎ ሳይክሉ ላይ ሊወጣ ይችላል። ደረሰኝ በስልክ ይሠራል። ገንዘቡ ገብቶ ሂሳቡ በራሱ በሻጩ ስልክ ላይ እስኪታይ ድረስ አንድ እጅ ኮርቻው ላይ ይቆያል።