ኮምፒዩተር ላብ የለውም!

ለዛሬ ስለ ኮምፒዩተር ትኩሳት እናወጋለን። «ደግሞ ኮምፒዩተር ከመቼ ወዲህ ነው የሚያተኩሰው?» የሚል ካለ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ይግባ። እዚያ ሰው ጥላ ፍለጋ ይሯሯጣል። ኮምፒዩተሩ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ተገትሮ ሲግል ይውላል።

ጉዳዩን ያመጣልኝ ዛሪማ ላይ ኮፒና ጽሕፈት የሚሠራ አንድ ወጣት ነው። ከኮፒው ጎን ለጎን የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። ዴስክቶፑን የገዛው እናቱ በሬ ሸጠው በሰጡት ገንዘብና በእቁብ ነው። ታዲያ ፋሲካ አልፎ ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብ ማሽኑ አልደርስ አለው። ጎንደር ያለ ጓደኛው «ምን ታለቃቅሳለህ? ኦቨርክሎክ አድርገውና ይብረር!» ይለዋል። እናቱ ደግሞ «የሰው አደራ ይዘህ በዕቃው አትጫወት» ይላሉ። «ጋሼ፣ የማንን ልስማ?» ብሎ ደወለልኝ። እኔም ኮምፒዩተር ስፈታና ስገጥም ዓመታት የቆጠርኩ ሰው ነኝና መልሱን ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለእናንተም ይሁን አልኩ።

ለመሆኑ ኦቨርክሎክ ምንድን ነው? ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስጋለብ ማለት ነው። ወሬው ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ በ300 ሜጋኸርዝ የሚሸጥ ርካሽ ፕሮሰሰር ነበር። ነገሩ የገባቸው ሰዎች በ450 ሜጋኸርዝ አስጋለቡት። በርካሽ ዋጋ የውዱን ያህል ፍጥነት አገኙ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ አንድ ኮር አይ9 ፕሮሰሰር ከ9 ጊጋኸርዝ በላይ ተመዝግቧል። ግን እሱን ያቀዘቀዘው ፋን እንዳይመስላችሁ፤ ፈሳሽ ሂሊየም ነው። ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ የሚደርስ ብርድ! ይህን ዛሪማ ከየት ታመጣዋለህ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሰው ቬንትሌተር ፊት ሲቆም የሚቀዘቅዘው ላቡ ስለሚተን ነው። የእንስራ ውሃ ከአየሩ ይበልጥ የሚቀዘቅዘውም እንስራው ስለሚያልብ ነው። ፕሮሰሰር ግን ላብ የለውም! ፋኑ የሚነፋበት ያንኑ የክፍሉን አየር ነው። ክፍሉ 38 ዲግሪ ከሆነ ፋኑ መቶ ጊዜ ቢሽከረከር ፕሮሰሰሩ ከ38 በታች አይወርድም። «በውሃ የሚያቀዝቅዝ ልግዛ» የምትሉም አላችሁ። እሱም ሙቀቱን ተሸክሞ የሚያስረክበው ለዚያው አየር ነው፤ ከክፍሉ በታች አያወርድም።

እስቲ በሂሳብ እንየው። ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ከክፍሉ አየር በ50 ዲግሪ ይበልጣል እንበል። ክፍሉ 22 ዲግሪ ከሆነ ፕሮሰሰሩ 72 ይሆናል፤ ደህና ነው። ክፍሉ 38 ከሆነ ግን 88 ደረሰ። አሁን አስጋልበው። ፍጥነት ስትጨምር ሙቀት በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ቮልቴጅ ስትጨምር ግን በእጥፍ ስሌት ይጨምራል። ፍጥነቱን በ10 በመቶ፣ ቮልቴጁንም በ10 በመቶ ከፍ ብታደርግ ሙቀቱ በ33 በመቶ ገደማ ያሻቅባል። ያ 50 ዲግሪ 66 ሆነ ማለት ነው። በቀዝቃዛው ክፍል 88 ይደርሳል። በዛሪማው ክፍል 104! የብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ጣሪያ ደግሞ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ነው። ጣሪያው ጋ ሲደርስ የዘመኑ ፕሮሰሰር እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጉድ እኮ ነው! ለማፍጠን ብለህ አዘገየኸው። ሽቅብ ሊማሊሞን የምትወጣ በቅሎ ላይ ጭነት ጨምሮ በአለንጋ እንደ መግረፍ ነው።

ልጁ ይህን ስነግረው «እንግዲያው ደባርቅ ወስጄ ባስጋልበውስ? እዚያ ብርድ ነው» አለኝ። ብልህ ጥያቄ ነው። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ ያግዛል። ግን አየሩ ደግሞ ስስ ነው። ከባሕር ጠለል አየር ጋር ሲመዛዘን ሩብ ያህል ይጎድላል። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ያነሰ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያነሰ ነው። ደጋው በብርዱ የሰጠህን ከፊሉን በስስ አየሩ መልሶ ይወስድብሃል። ደባትና ደባርቅ ያላችሁም «እኛ ጋ ብርድ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ።

ሌላም ነገር አለ። በየከተማው የሚሸጡት አሮጌ የቢሮ ዴስክቶፖች አብዛኞቹ ጭራሽ ለኦቨርክሎክ አይከፈቱም። ፋብሪካው ቆልፏቸዋል። የኢንቴል ከሆነ በስሙ መጨረሻ «ኬ» የሚል ፊደል ያለው ፕሮሰሰርና የሚፈቅድለት ማዘርቦርድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ስሙን እስከ መጨረሻው ፊደል አንብቡ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ብዙ ጊዜ ያየሁት «ቀርፋፋ» ኮምፒዩተር የታመመው በስንፍና ሳይሆን በትኩሳት ነው። መድኃኒቱም ይኸው፦

1ኛ/ አቧራ። ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ ክዳኑን ክፈቱ። ፋኑን በጣታችሁ ያዝ አድርጋችሁ በለስላሳ ብሩሽና በማራገቢያ አጽዱ። የሂት ሲንኩ ክንፎች በአቧራ ከተደፈኑ ፋኑ ቢጮህም ዋጋ የለውም።

2ኛ/ ፔስት። በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መሀል ያለው ቅባት በዓመታት ይደርቃል። አሮጌውን ጠርጋችሁ የአተር ፍሬ ያህል አዲስ አድርጉ። አታብዙት፤ ቂቤ አይደለም።

3ኛ/ ቦታ። መሬት ላይ አታስቀምጡት፤ ግድግዳም አታስጠጉት። አየር ከፊት ይግባ፣ ከኋላ ይውጣ። ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ ኮርኒስ ማሠራት ለእናንተም ለማሽኑም ነው።

4ኛ/ ሰዓት። ቪዲዮ አቀናብሮ ማውጣትን የመሰለ ከባድ ሥራ ለሌሊት ይቆይ። ቀን የኮፒና የጽሕፈት ነው። የዛሪማ ሌሊት ከቀኑ ይሻላል፤ ያውም በነፃ!

5ኛ/ ፍጥነት ከፈለጋችሁ ራም ጨምሩ፤ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ቀይሩ። ኤስኤስዲው ማሽኑን ፈጥኖ ያስነሳል፣ ፋይልም ሲከፍት አያንገላታም። ፕሮሰሰሩንም አያግልም።

ደግሞ አደራ! እርጥብ ጨርቅ ወይም በረዶ የሚያስጠጉበት አሉ። ቀዝቃዛ ነገር ላይ ጤዛ ይሠራል፤ ጤዛና ኤሌክትሪክ ደግሞ ጠላቶች ናቸው።

«የለም፣ እኔ ካላስጋለብኩ አልተኛም» ለሚል ግትር ወዳጄም ምክር አለኝ። ቮልቴጁን አትንካ። ፍጥነቱን ጥቂት በጥቂት ጨምር፣ በየደረጃው ለሰዓታት ከባድ ሥራ አሠራው፣ የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ከፍተህ ተከታተል። 85 ካለፈ ተመለስ። የሰው ፋይል ግን በዚያ ማሽን ላይ አታስቀምጥ። ከአቅሙ በላይ የሚጋልብ ፕሮሰሰር ሁልጊዜ ጭስ አያሳይም። አንዳንዴ ዝም ብሎ ያሳስታል፤ ፋይሉን ሳታውቀው ያበላሽብሃል። ቮልቴጅ ምን እንደሚያደርግ ካላመንከኝ ኢንቴልን ጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2024 የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ሲጎዱ ታይቶ፣ ኩባንያው ዋስትናቸውን በሁለት ዓመት አራዝሟል። አንተ በገዛ እጅህ ያቃጠልከውን ግን ማን ይተካልሃል?

እንግዲህ ወንድሜ፣ መልሴን ስማ። ጓደኛህ ክፋት የለበትም፤ እሱ የሚያወራው ስለ ጨዋታ ማሽን ነው። ያንተ ማሽን ግን የበሬ ዋጋ ነው፤ በላዩም የሰው ሠርግ አለ። በሬ ተሠርቶ ይገዛል፤ ሠርግ ግን ሁለቴ አይደገስም። ሙሽሮቹ «ቪዲዮአችን የታል?» ሲሉህ ሜጋኸርዝ አትቆጥርላቸውም። የእናትህን ምክር ያዝ። አጽዳው፣ ፔስቱን ቀይር፣ ሌሊት አሠራው፤ ከእያንዳንዱ ሠርግም አንድ ቅጂ በሌላ ዲስክ አስቀምጥ። ከዚያ በኋላም ካልደረሰልህ ሥራህ አድጓል ማለት ነውና እቁቡን ለሁለተኛ ማሽን ጀምር።

ቸር እንሰንብት!