የእንሰት መፋቂያ፦ መሣሪያው ቀላል፣ ሙያው ከባድ

በወላይታ ገጠር የአንድ ቤተሰብ ዕቃ አንድ በአንድ በገንዘብ ቢተመን፣ ከሁሉ ያነሰ ዋጋ የሚያወጣው የእንሰት መፋቂያው ሳይሆን አይቀርም። ከተሰነጠቀ ቀርከሃ የተበጀ፣ ጠርዙ የተሳለ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ቁራጭ ነው። ባልደረባው ዘንበል ብሎ የሚቆም ጣውላ ነው። ማጠፊያ የለው፣ የሚላላ ብሎን የለው፣ የሚያልቅ ነዳጅ የለው። ሲያረጅ ወደ ምድጃ ይገባል፤ በምትኩ ሌላ ቀርከሃ ይሰነጠቃል። ይህን ያየ እንግዳ «ኋላ ቀር መሣሪያ» ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን ሕዝብ ይመገበዋል የሚባለው እንሰት ከጓሮ ወደ ማዕድ የሚሻገረው በአብዛኛው በዚህ ቁራጭና በመሰሎቹ ነው። ዕቃው ቀላል የሆነው ከባዱን የሥራ ድርሻ ለሰው እጅ፣ ዓይንና አፍንጫ ስለተወ ነው። ስለዚህ ሊያሻሽለው የሚነሳ ሰው ከዕቃው በፊት የምትይዘውን ሴት ማየት ይኖርበታል፤ ማሽኑ መጀመር ያለበት የእሷ ዕውቀት የት የት እንዳለ ከታወቀ በኋላ ነው።

እንሰት መልኩ ሙዝ ይመስላል፤ ዝምድናቸውም የእውነት ነው፣ ሁለቱም የአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ አባላት ናቸው። የእንሰት ፍሬ ግን አይበላም። ምግቡ ያለው ግንድ በሚመስለው ክፍልና ከመሬት በታች ባለው ድቡልቡል ሥር ውስጥ ነው። ግንድ የሚመስለው ክፍል ተደራርበው የቆሙ የቅጠል ሽፋኖች ስብስብ ሲሆን፣ ስታርቹ በእነዚህ ሽፋኖችና በሥሩ ይጠራቀማል። የዱር እንሰት በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ይበቅላል፤ አላምዶ ለዋና ምግብነት ያበቃው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ተክሉን ከነሥዕሉ ለአውሮፓ አንባቢ አስተዋውቆታል። በወላይታ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ካለችው ሶዶ ወጣ ሲሉ፣ ወደ ቦዲቲም ሆነ ወደ አረካ ቢያቀኑ፣ ቤቶቹን ከብቦ የሚታየው እሱ ነው። የወላይታ ገበሬ ከቤቱ ጥግ ያለውንና ፍግ የሚጠግበውን መሬት ዳርኳ፣ ራቅ ያለውን ማሳ ደግሞ ሾቃ ይለዋል፤ እንሰት የዳርኳ ሀብት ነው። ለመድረስ እንደ ቦታው ቅዝቃዜና እንደ ዝርያው ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል፤ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። የመጀመሪያው የሙያ ጥያቄ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። ያለጊዜው የተቆረጠ እንሰት ውሃው በዝቶ ምግቡ ያንሳል፤ አብቦ የከረመ ደግሞ ያጠራቀመውን ስታርች ለአበባውና ለፍሬው ያወጣዋል። መፋቂያው ገና ሳይነሳ ትልቁ ውሳኔ አልቋል ማለት ነው።

ከዚያ መፋቁ ይጀመራል። የተቆረጠው ግንድ ሽፋን በሽፋን ይገነጠላል፣ እያንዳንዱ ሽፋንም በርዝመቱ ይሰነጠቃል። ሴቲቱ መሬት ላይ በተነጠፈ የእንሰት ቅጠል ላይ ትቀመጥና የሽፋኑን ጫፍ በእግሯ ከጣውላው ጋር አጣብቃ ትይዛለች፤ መፋቂያውን በሁለት እጇ ጨብጣ ከላይ ወደ ታች ትስበዋለች። ነጩ ሥጋ ከነፈሳሹ ከሥር ወዳለው ቅጠል ይወርዳል፤ ጣውላው ላይ የሚቀረው ረጅሙ ቃጫ ነው። ለተመልካች አንድ እንቅስቃሴ ነው የሚደጋገመው። ጠጋ ብሎ ላስተዋለ ግን ከአንዱ ስበት ወደ ሌላው የእጁ ጫና ይለዋወጣል። ሲላላ ሥጋው ከቃጫው ላይ ይቀራል፤ ሲበረታ ቃጫው ይበጠስና ስብርባሪው ከምግቡ ጋር ይቀላቀላል፣ ኋላ ቆጮው ሊጋገር ሲል በቢላዋ እየተከተከተ የሚደክምበት ሌላ ሥራ ይሆናል። የውጪው ሽፋን ጠንካራ ነው፣ የውስጡ ለስላሳ ነው፤ የሽፋኑ እግር ወፍራም ነው፣ አናቱ ስስ ነው። አንድ ዓይነት ጫና ለሁሉም አይሆንም። የባለሙያዋን ደረጃ የሚመሰክረውም ጣውላው ላይ የሚቀረው ቃጫ ነው፤ ንጹሕና ረጅም ሆኖ ከወጣ ሥጋው አልባከነም፣ ገመድና ጆንያ ለሚሠራውም ዋጋ ያወጣል። አንድ ስበት ሁለት ምርት ያስገኛል ማለት ነው፤ ሁለቱን የሚያመጣጥነው የእጅ ስሜት በቀርከሃው ላይ የትም ቦታ አልተጻፈም።

ሥሩ ጥርስ ባለው የእንጨት መሣሪያ ተከትክቶ ከተፋቀው ጋር ይቀላቀላል። ከድብልቁ የተጨመቀው ፈሳሽ ሲረጋ ከሥሩ የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። የተረፈው ቆጮ ለመሆን በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ይቀበራል፣ ድንጋይ ይጫነዋል፣ እየተከፈተም ይታሻል፣ ቅጠሉም ይቀየርለታል። የሳይንስ ሰዎች በዚያ ጉድጓድ ውስጥ የሚሆነውን አጥንተውታል። የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች እየተፈራረቁ ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ የአሲዱ መጠን ከፍ ሲል የሚያበላሹት ተሕዋስያን መኖሪያ ያጣሉ፣ ምግቡም ለወራት፣ በብርዳማ ቦታ ከዚያም በላይ ይቆያል። ድንጋዩ የሚጫነው ለዚህ ነው፤ አየር ሲወጣ ባክቴሪያዎቹ የሚወዱት ሁኔታ ይፈጠራል። ሴቶቹ ባክቴሪያ የሚለውን ስም ሳያነሱ ይህን ሁሉ ይቆጣጠራሉ። በቀዝቃዛው ደጋ ጊዜ ይጨምራሉ፣ በሞቃቱ ይቀንሳሉ፤ መድረሱን በጠረኑ፣ በቀለሙና በጣት መካከል ባለው ልስላሴ ይለያሉ። ሙቹዋና ባጪራን የመሰሉ የወላይታ ምግቦች ማዕድ ላይ የሚቀርቡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል፦ ይህ ልማድ እንጂ ዕውቀት አይደለም፤ እናት ስታደርገው ያየች ልጅ ታደርገዋለች፣ ለምን ብትባል ምክንያቱን አታውቅም። ልማድና ዕውቀትን ለመለየት አንድ ጥሩ መፈተኛ አለ። ሁኔታው ሲለወጥ አብሮ የማይለወጥ ነገር ባዶ ልማድ ነው፤ የሚለወጠው ግን ምክንያቱ በቃል ባይነገርም ዕውቀት ነው። በዚህ መፈተኛ የወላይታ እንሰት ማሳ በቀላሉ ያልፋል። ተመስገን ማጉሌ ኦላንጎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት በወላይታ ገበሬዎች ስም የተሰጣቸው 67 የእንሰት ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ገበሬዎቹ እነዚህን «ወንድ» እና «ሴት» እያሉ ይከፍሏቸዋል፤ ወንድ የሚባሉት ጠንካሮችና በሽታና ድርቅ የሚችሉ፣ ሴት የሚባሉት ለስላሶችና ሥራቸው ተቀቅሎ አሚቾ ሆኖ ሲበላ የሚጣፍጡ ናቸው። በአንድ ጓሮ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን የሚተከሉት ክፉውንም ደጉንም ቀን ታስቦ ነው። ጠንካራውን የሚፍቅ እጅና ለስላሳውን የሚፍቅ እጅም አንድ ዓይነት አይደሉም። ስም መስጠት፣ ጠባይ መለየት፣ ለየአገልግሎቱ መመደብ፣ አያያዝን እንደ ጠባዩ መቀያየር፦ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህ ሁሉ ትምህርት ይባላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይከብዳል። ሙያውን ማድነቅ ድካሙን ማስጌጥ እንዳይሆን፣ የሚል ነው። እውነት ነው፣ መፋቅ ወገብ ይሰብራል። መትከሉና ከቦታ ቦታ ማዛወሩ በአብዛኛው የወንድ ሲሆን መፋቁ፣ መጭመቁና ማብላላቱ የሴት ሥራ ነው፤ ለቀናት ጎንበስ ብሎ መዋል አለው። ማንም ሰው በድካሙ ብዛት ሊመሰገን አይገባም። ማሽን ይምጣ የሚለው ጥያቄ ስለዚህ ትክክል ነው፤ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የተለያዩ ተቋማት የእንሰት መፋቂያ፣ መክተከቻና መጭመቂያ ማሽኖችን ሠርተው ሞክረዋል። መከራከሪያው የትኛው ማሽን፣ የትኛውን ሥራ ተክቶ የሚለው ላይ ነው። በዓለም ላይ ቃጫ የሚያወጡ ማሽኖች ከቆየ ጊዜ ጀምሮ አሉ። የእንሰት ዘመድ የሆነው የፊሊፒንስ አባካ፣ የማኒላ ገመድ የሚሠራበት ተክል፣ ግንዱ በቢላዋና በእንጨት መካከል እየተሳበ ይፋቃል፤ እዚያም የስለቱ ዓይነትና ጫና የቃጫውን ደረጃ ይወስናሉ። ለቃጫ በተሠራ ማሽን ውስጥ ግን ሥጋው ቆሻሻ ነው፤ ተመትቶና በውሃ ታጥቦ ይጣላል። እንሰት ላይ ስሌቱ ይገለበጣል፦ እዚያ የሚጣለው ሥጋ እዚህ ራሱ ምግቡ ነው። ለቃጫ የታሰበ ማሽን ወደ ወላይታ ጓሮ ቢገባ ሥራውን በሚገባ እየሠራ ቤተሰቡን ሊያስርብ ይችላል። ይህ የማሽኑ ጉድለት አይደለም፤ ከማሽኑ በፊት ያልተጠየቀ ጥያቄ ውጤት ነው። የመጭመቂያውና የመክተከቻው ሥራ ብዙውን ጊዜ ጉልበት ብቻ ስለሚፈልግ ለማሽን ይመቻል። መፋቁ ጉልበትንና ፍርድን አንድ ላይ ስለያዘ ይከብዳል፤ ለዚያ የሚሠራ ማሽን ጫናው የሚላላና የሚጠብቅ፣ የሚቆጣጠረውም የሴቲቱ እጅ መሆን አለበት። ማብላላቱ ግን ጥቂት ጉልበትና ብዙ ፍርድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ እዚያ የሚረዳው ከሞተር ይልቅ የተሻለ ዕቃና ንጽሕና ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ባህላዊ ዕውቀትን ያለ ልክ ለሚያወድስ ሰው ራሱ ጥሩ መድኃኒት ነው። እጅ የሚማረው የሚታየውን፣ የሚሸተተውንና የሚዳሰሰውን ነው፤ የማይታየውን አያውቅም። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ይህን አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 እንደዘገቡት በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው ከሚተላለፍባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ደግሞ በቢላዋ ነው። ቅጠል ሲቆረጥ፣ ችግኝ ሲነቀል፣ ግንድ ሲገነጠል ከተክል ወደ ተክል የሚሄደው ያው ስለት ነው። አያቶች ያወረሱት ጥሩ የእጅ ሙያ በሽታውንም አብሮ አወረሰ ማለት ነው። ይህን የገለጠው ማይክሮስኮፕ እንጂ ልምድ አልነበረም፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። የተገኘውን መፍትሔ ግን ልብ እንበል። ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ከበሽተኛ ማሳ ችግኝ አለመውሰድ፤ ሁሉም አዳዲስ የእጅ ልማዶች ናቸው። ሥልጠና ላይ ተነግረው የሚረሱ ከሆነ ምንም አይሠሩም፤ የሚሠሩት ሳይታሰቡ የሚደረጉ ሲሆኑ ነው። በሌላ በኩል ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ሲፈልጉ ተስፋ ካገኙባቸው አንዱ የወላይታ ገበሬ ማዚያ ብሎ ስም ሰጥቶ ያቆየው ነበር። ሳይንሱ ለእጁ ዓይን ሆነለት፤ እጁም ለሳይንሱ መነሻ ሰጠው። አንዱ ሌላውን አልተካም።

እንግዲህ ስለ መማር የሚቀረው ጥያቄ ይህ ነው። መፋቅን ማንም በመጽሐፍ አልተማረውም። ልጅ በመጀመሪያ ቅጠል ታቀብላለች፣ ቀጥሎ ቃጫ ትለያለች፣ ከዚያ ለስላሳውን የውስጥ ሽፋን ትሞክራለች፣ ጠንካራው የሚሰጣት በመጨረሻ ነው። የተጻፈ ሥርዓተ ትምህርት ባይኖረውም ቅደም ተከተሉ ከቀላል ወደ ከባድ በሥርዓት የተደረደረ ነው፤ ስህተቷም ፈተና ሳያስፈልገው በተበጠሰው ቃጫ ወዲያው ይታያል። ዛሬ ያቺ ልጅ ትምህርት ቤት ናት፤ ሊሆንም የሚገባው ይኸው ነው። ዋጋው ግን መታወቅ አለበት። እጅ ለእጅ የሚተላለፍ ትምህርት የሚያስፈልገው ጊዜ ሲያጥር ዕውቀቱ ራሱን አያተርፍም። ሙያ በልብ ነው እንላለን፤ በልብ ያለ ሙያ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ከየአካባቢው የሰበሰባቸውን በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንሰት ዝርያዎች በማሳው ያቆያል፤ ተክሉ ማስቀመጫ አግኝቷል። የመፋቁና የማብላላቱ ሙያ ግን እንዲህ ያለ ማስቀመጫ ያስፈልገዋል፦ የትኛው ዝርያ በምን ጫና ይፋቃል፣ በየትኛው ከፍታ ስንት ሳምንት ይቀበራል፣ የደረሰውና ያልደረሰው በጠረን እንዴት ይለያሉ የሚለው ከባለሙያዎቹ ሴቶች ጋር ተቀምጦ በፊልምና በጽሑፍ መመዝገብ አለበት። ለሶዶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከዚህ የቀረበ የምርምር ቤተ ሙከራ አይገኝም፤ ከግቢው በር ወጣ ሲሉ ይጀምራል።

መሐንዲሱም ማሽኑን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት በሰዓት ስንት ግንድ ፋቀ ብሎ ብቻ አይለካ። ሦስት ነገሮችን ይለካ፦ ቃጫው ላይ የቀረውን ሥጋ፣ ቆጮው ውስጥ የገባውን ቃጫ፣ ከሥራው በኋላ ገንዘቡም ውሳኔውም በማን እጅ እንደቀረ። ሦስተኛው መለኪያ ከምህንድስና ውጪ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ዋጋው የናረ ማሽን የሚገዛው ገንዘብ ያለው ሰው ነው፤ ሴቶች በራሳቸው እጅ ይሠሩት የነበረው ሥራ ኪራይ የሚከፈልበት ሲሆን፣ ድካሙ ሲቀነስ ገቢውም አብሮ ከእጃቸው ሊወጣ ይችላል። በሦስቱም መለኪያ ከቀርከሃው የበለጠ ማሽን ቢመጣ ቀርከሃው ያለ ጸጸት ይቀመጥ። እስከዚያ ድረስ ግን ርካሽ መሆኑ አያታልለን፤ ውዱ ክፍል ሁልጊዜ የሚቀመጠው ከያዘችው ሴት ጋር ነው።