«ወለምታ ነው» ተብሎ የሚታለፍ የእጅ አንጓ ጉዳት

ካርቱምን የሚያውቅ ሰው የሳጃናን ገበያ ያውቀዋል፤ ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ቀለሙ፣ ቧንቧው ሁሉ እዚያ ነበር። እኔ ሳጃና በኖርኩበት ጊዜ አብረውኝ ከነበሩት ልጆች ብዙዎቹ የሚበሉት ዕቃ በመጫንና በማውረድ፣ በግንባታም በቀን ሥራ ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ሰው እጅ ማለት የቤት ኪራይም፣ እናት ቤት የሚላክ ገንዘብም ነው።

ከመኪና ወይም ከግንባታ መወጣጫ የወደቀ ሰው ሳያስበው መዳፉን ዘርግቶ መሬቱን ይመክታል። ያኔ የሰውነቱ ክብደት በሙሉ አንጓው ላይ ያርፋል። አንጓችን ውስጥ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ 8 ትናንሽ አጥንቶች አሉ፤ የያዟቸውም ጅማቶች ናቸው። ኃይለኛ ውድቀት አጥንቱን ሰብሮ፣ ጅማቱን በጥሶ፣ አጥንቶቹን ከቦታቸው ሊያወልቅ ይችላል። ስብራትና ውልቃት አንድ ላይ ሲመጡ ነው ነገሩ የሚከፋው።

ችግሩ፣ ጉዳቱ በቀላሉ ይታለፋል። አንድ አብሮን የሚኖር ልጅ ወድቆ ክሊኒክ ሄደ፤ ከፊት ብቻ ራጅ አነሱት፣ «ስብራት የለም» ብለው ጠቅልለው ሸኙት። ከሳምንታት በኋላ ጣቶቹ ደንዝዘው ብርጭቆ እንኳ መያዝ አቃተው። ይህ የእሱ ብቻ ዕድል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ 166 እንዲህ ያሉ ጉዳቶችን ያየ ጥናት፣ ከአራቱ አንዱ መጀመሪያ ላይ እንዳልታወቀ ይናገራል።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? ራጁ ከፊትም ከጎንም መነሳት አለበት። በጎን ራጅ ላይ መሃል ያለችው የጨረቃ ቅርጽ ያላት አጥንት ሲኒ ትመስላለች። ሲኒዋ ቀጥ ብላ ካልቆመች፣ ወደ መዳፍ በኩል ቡና እንደሚደፋ ሲኒ ካጋደለች፣ ወልቃለች ማለት ነው። በዐረብኛ «አሺዓ ጃኒቢያ» ብላችሁ የጎኑን ራጅ ጠይቁ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ከደነዘዙ ደግሞ «ተንሚል» በሉ፤ ነርቭ እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል ይህ የሚያድር ጉዳይ አይደለም።

ሕክምናው ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሐኪሙ ማደንዘዣ ወይም ማስታገሻ ሰጥቶ እጁን በመጎተት አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልሳል። ይህ በቶሎ፣ ከተቻለ በዚያው ቀን መሆን አለበት፤ ግን በዚህ አያበቃም። የተበጠሰው ጅማት ስለሚለቀው አብዛኛውን ጊዜ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል፦ ጅማቱ ይሰፋል፣ አጥንቶቹ በቀጭን ሽቦ ይያዛሉ፣ የተሰበረውም በብሎን ይታሰራል። ከዚያ ለሳምንታት ጀሶ፣ ሽቦው ከወጣ በኋላ ፊዚዮቴራፒ። በደንብ የታከመም ቢሆን ትንሽ መገተርና የመጨበጥ አቅም መቀነስ ሊቀርበት ይችላል። ሳይታወቅ ወራት ካለፈ ግን አጥንቱን መመለስ ከባድ ነው፤ አንዳንዴ አጥንት ማውጣት ወይም አንጓውን ማጣበቅ ግድ ይሆናል።

ወጌሻን ወይም የሱዳኑን «በሲር» ለመናቅ አይደለም፤ ግን ራጅ ሳይታይ ይህን አንጓ ማሸትና መጎተት ነርቩን የባሰ ሊጎዳ ይችላል። ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ ቀርቀሃ ደግሞ ደም ከልክሎ እጅ እስከማስቆረጥ የሚያደርስበት ጊዜ አለ። ከታሰረ በኋላ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ ከበረታ ማሰሪያውን ወዲያው አላልታችሁ ሆስፒታል ሩጡ።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቻችን ከካርቱም ተበትነናል፤ ሕክምና አንድ ከተማ ጀምሮ ሌላ ከተማ የሚጨርስም አለ። ስለዚህ የራጅ ፊልማችሁንና የሐኪሙን ወረቀት አትጣሉ፤ በስልክ ፎቶ አንሱና ለምታምኑት ሰውም ላኩት። ቀጣዩ ሐኪም ሽቦው መቼ እንደገባና መቼ መውጣት እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያ ነው።