ከባሕር የወጣ ሰው ወደ ደጋ አይቸኩል

ሰው ወደማያውቀው ስፍራ ሲሄድ ከሁሉ አስቀድሞ ሊማር የሚገባው የዚያን ስፍራ ሕግ ነው። ደጋ የራሱ ሕግ አለው፤ ቆላም የራሱ ሕግ አለው፤ ባሕር ግን ከሁለቱም የጠበቀ ሕግ አለው። ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር ጥቂት ቀናት በተቀመጥንበት በአንድ ገለልተኛ ቤት ነው። ነገሩ ለብዙ ቤተሰብ ይጠቅማል ብለን ስላመንን፣ የሆነውን ሁሉ እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ጊዜው የ2010 ዓ.ም. የጥር ወር መጨረሻ ነበረ። የምናስተምርበት ትምህርት ቤት ለመንፈቀ ዓመት ዕረፍት በተዘጋ ጊዜ፣ በጅቡቲ ወደብ ተቀጥሮ የሚሠራው የታላቅ እኅታችን ልጅ፣ «ጋሼ፣ ባሕርን ሃያ ዓመት ሙሉ በካርታ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ አሁን ደግሞ መጥተው በዓይንዎ ይዩት» ብሎ ጠራን። እኛም ከባለቤታችን ጋር ከሐረር ተነሥተን፣ በድሬዳዋና በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ ወረድን። ከዚያም ባሕረ ሰላጤውን በጀልባ ተሻግረን ታጁራ ገባን።

ታጁራ በነጫጭ መስጊዶቿ የታወቀች፣ ጥንታዊት የአፋሮች የወደብ ከተማ ናት። ከከተማው ጥቂት ኪሎሜትሮች ራቅ ብሎ፣ ፈረንሳዮች «ሳብል ብላን»፣ ማለትም «ነጭ አሸዋ» ብለው የሰየሙት የባሕር ዳርቻ ይገኛል። የእኅታችን ልጅ ከባልንጀሮቹ ጋር የተከራየው ቪላ በዚያ አቅራቢያ ለብቻው ቆሟል። በረንዳው ወደ ባሕር ይመለከታል፤ በስተጀርባው ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጎዳ ተራራ ይታያል። ጎረቤት የለውም፤ ሱቅም የለውም። የሚጠጣው ውሃ በመኪና ተጭኖ መጥቶ በበርሜል ይጠራቀማል፤ መብራቱም በሞተር ኃይል ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይበራል። በስልክ ለመነጋገር ከቤቱ በላይ ያለውን ጉብታ መውጣት ግድ ነው። ሌሊት ከማዕበል ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

በዚያ ወራት ዓሣ ነባሪ ሻርክ የሚባለው፣ ከዓሣ ወገን ሁሉ በግዝፈቱ የሚበልጠው ፍጥረት ወደ ባሕረ ሰላጤው ይገባል። ዕድሜው ሲሞላ ከ12 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል፤ በታጁራ የሚታዩት ግን አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ናቸው። ምግቡ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቃ ፍጥረታት እንጂ ሰው አይደለም። ሰሞኑ ጾመ ነነዌ ነበረና፣ ባለቤታችን ያንን ነጠብጣባም ግዙፍ ዓሣ ከጀልባ ላይ ሆነው ባዩት ጊዜ፣ ነቢዩ ዮናስን አስታውሰው አማተቡ።

የእኅታችን ልጅ የመጥለቅን ትምህርት ተምሮ የምስክር ወረቀት ተቀብሏል። ጠላቂዎቹን የሚመራው በዚያው ባሕር ዳር ያደገ፣ ጥቂት አማርኛም የሚያውቅ፣ የረጋ ሰው ነበረ። እርሱም በማታ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሥራውን ሕግ አስረዳን። በባሕር ውስጥ 10 ሜትር በተወረደ ቁጥር የአንድ አትሞስፌር ግፊት ይጨመራል፤ ስለዚህ 20 ሜትር የወረደ ሰው በባሕር ገጽ ካለው ሦስት እጥፍ ግፊት ያርፍበታል። በዚህ ግፊት ምክንያት፣ ከሲሊንደሩ በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ይሟሟል። ቀስ ብሎ ቢወጣ ናይትሮጅኑ በትንፋሽ ይወገዳል። ቢቸኩል ግን፣ ክዳኑ በድንገት እንደ ተነሣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ፣ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሆናል። አረፋውም መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ እጅና እግርን ያደነዝዛል፤ ሲብስም ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም።

ይህ ደዌ የታወቀው በባሕር ብቻ አይደለም። በኒው ዮርክ የብሩክሊን ድልድይ ሲሠራ፣ ከወንዙ ሥር በታመቀ አየር ውስጥ ይቆፍሩ የነበሩ ሠራተኞች በዚሁ ተይዘዋል፤ ዋናው መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግም እ.ኤ.አ. በ1872 ከተያዘ በኋላ ጤናው አልተመለሰለትም። ምክንያቱ ናይትሮጅን መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1878 ያስረዳው ፈረንሳዊው ሊቅ ፖል ቤር ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ደግሞ ብሪታንያዊው ጆን ስኮት ሃልደን በፍየሎች ላይ መርምሮ፣ ጠላቂ በምን ያህል ዝግታ ሊወጣ እንደሚገባው የሚያሳይ ሠንጠረዥ አወጣ። ኩስቶና ጋኛን የተባሉት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1943 ጠላቂ ተሸክሞት የሚወርደውን የመተንፈሻ መሣሪያ ከሠሩ ወዲህ፣ የመርከበኞችና የወታደሮች የነበረው ጥበብ ለማንኛውም ሰው ተከፈተ። መሣሪያው ቢቀልም ሕጉ አልቀለለም።

ይህን በሰማን ማግስት የእኅታችን ልጅ ከመሪው ጋር በጠዋት ሁለት ጊዜ ጠለቀ። ለሁለተኛ ጊዜ ከባሕር የወጣው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነበረ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ወደ ጉብታው ወጥቶ ስልኩን ቢከፍት፣ እናቱ በሐረር በድንገት ታመው ሐኪም ቤት መግባታቸውንና ለቀዶ ሕክምና መዘጋጀታቸውን ሰማ። እየሮጠም ወርዶ፣ «በአውሮፕላንም ቢሆን ዛሬውኑ እሄዳለሁ» አለና ልብሱን ይሰበስብ ጀመር።

መሪው ግን እጁን ያዘው። «ዛሬ አትሄድም። አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ አይበርም» አለው።

«እንግዲያው በመኪና እሄዳለሁ፤ እኩለ ሌሊት ሳይሆን እደርሳለሁ» አለ ልጁ።

መሪውም ወደ እኛ ዘወር ብሎ፣ «መምህር፣ የእናቱ አገር ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ ይላል?» ሲል ጠየቀን።

ይህን ጥያቄ እኛ ራሳችን ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ አቅርበነዋል! «ወደ 1,900 ሜትር ገደማ» አልነው። መልሱ ከአፋችን እንደ ወጣ ነገሩ ገባን። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር፣ በ2,400 ሜትር ከፍታ ካለው የተራራ አየር ይበልጥ እንዳይሳሳ ሆኖ ይጠበቃል። እንግዲህ በዚያች ሌሊት የደንገጎን አቀበት በመኪና መውጣት፣ በአውሮፕላን ከመሄድ ብዙ የሚለይ አይደለም። ከ2,300 ሜትር በላይ ላለችው ለአዲስ አበባማ ነገሩ የባሰ ነው። ከቤታችን ጀርባ ወዳለው የጎዳ ተራራ እንኳ በዚያ ቀን መውጣት አይገባም ነበር።

ዳሩ ግን የቁጥር እውነት የእናትን ነገር አያቀልም። ባለቤታችን፣ «እናት በጭንቅ ላይ ሳለች ልጅ በባሕር ዳር ይቀመጣል? ሰውስ ምን ይለናል?» አሉ። ልጁም እያለቀሰ፣ «ጋሼ፣ ሳላያት ብትሞት ምን ይሉኛል?» አለን። እኛ መልስ አልነበረንም። ያቺ ሴት እኅታችን ናት፤ በሕፃንነታችን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችን እርስዋ ናት። ነገር ግን አረፋው በደሙ ውስጥ ቢነሣ፣ በሌሊት በዚያ መንገድ ላይ ማን ይረዳዋል? ለዚህ ደዌ መድኃኒቱ ንጹሕ ኦክስጅንና ግፊት የሚሰጥበት ልዩ የሕክምና ክፍል ነው፤ ይህ ደግሞ በየመንገዱ የሚገኝ አይደለም። በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ እስኪነጋ አትሄድም። ወቀሳው ቢመጣ በእኛ ላይ ይሁን» አልነው።

ሌሊቱ ረዘመ። ወደ ጉብታው ሦስት ጊዜ ወጣን። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቀዶ ሕክምናው አልተጀመረም አሉን፤ በአራት ሰዓት ስልኩን የሚያነሣ ጠፋ። በዚያን ጊዜ፣ ልጁን የከለከልንበትን ቃል መልሰን ለመዋጥ ተመኘን። ስምንት ሰዓት ላይ የልጁ አባት ድምፅ ተሰማ፤ «ትርፍ አንጀት ነበረ፤ ወጥቶላታል፤ ተኝታለች» አሉን። ልጁ በድንጋዩ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኛም ፈጣሪያችንን አመሰገንን።

ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ 18ቱ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ሁላችንም በጀልባ ተሻግረን ጉዞ ጀመርን፤ ማታ ሐረር ገባን። ልጁ በአልጋዋ አጠገብ ተንበርክኮ ስለ መዘግየቱ ይቅርታ ሲለምን፣ እኅታችን ምክንያቱን ጠየቀችን። ሁሉን ከነገርናት በኋላ፣ «ትላንት መጥተህ ታመህ ብትወድቅ፣ እኔ ከአልጋዬ ተነሥቼ ላስታምምህ ኖሯል?» አለችው። ከዚህ የተሻለ ፍርድ አልሰማንም።

ልጆቻቸው በባሕር ዳር አገር ለሚሠሩ ወላጆች የምንመክረው ይህን ነው። በባሕር ገጽ ላይ ያለ ሲሊንደር የሚዋኝ ሰው ይህ ሥጋት የለበትም። በሲሊንደር የሚጠልቅ ግን ያለ ትምህርት አይውረድ፤ ብቻውንም አይጥለቅ። ትንፋሹን ሳይቋጥር በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳያልፍ ቀስ ብሎ ይውጣ፤ ከመውጣቱም በፊት በ5 ሜትር ጥልቀት ሦስት ደቂቃ ያህል ይቁም። የመጨረሻውን ቀን ለደረቅ መሬት ይተው፤ ጉዞው ወደ ደጋ ከሆነም ሰዓቱን ይቁጠር። ሕጉን የጠበቀ እንኳ አልፎ አልፎ ሊታመም ይችላልና፣ ሥቃይ ወይም መደንዘዝ ቢሰማው ሳይደብቅ ለሐኪም ይንገር።

ቤተሰብም በበኩሉ ክፉ ወሬ ሲልክ «ቶሎ ድረስ» ከማለቱ በፊት «የት ነህ? ዛሬ ጠልቀሃል?» ብሎ ይጠይቅ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ አባቶች፤ በባሕር ዘንድ ግን የፈሰሰው ሁልጊዜ አይለቀምም።