በገብስ ፍሬ የተመዘነ ጥይት

«25-20» የሚለው ስም የመኪና ታርጋ ይመስላል እንጂ ጥይቱ የተሠራበት ልክ ነው። 25 የአረሩ ውፍረት ነው፤ የኢንች ሩብ፣ 6.5 ሚሊ ሜትር ገደማ። 20 ደግሞ ቀለሁ የሚጎርሰው ጥቁር ባሩድ ነው፣ በግሬይን ተለክቶ። ግሬይን እንግሊዞች በገብስ ፍሬ ይመዝኑ ከነበረበት ዘመን የቀረ መለኪያ ሲሆን ሃያው ተደምሮ 1.3 ግራም ነው። አያቶቻችን አድዋ የዘመቱበት ውጅግራ በአንድ ጥይት ከ5 ግራም በላይ ይጎርስ ነበር።

ጥይቱን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ ያወጣው የአሜሪካው ዊንቸስተር ነው። ቀድሞ የነበረው 25-20 ረዘም ስለሚል ለዊንቸስተር የ1892 ሞዴል ጠመንጃ አልሆነም። ፋብሪካው 32-20 የሚባለውን አጭር ቀለህ ወስዶ አንገቱን አጠበበው። የታሰበው ለጥንቸል፣ ለቀበሮና ለዱር ተርኪ ነው።

አረሩን ቀረብ ብለው ሲያዩት ጫፉ ዱልዱም ነው። ጥፋቱ የጠመንጃው ነው። ጥይቶቹ ከአፈሙዙ ሥር በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ እንደ ጉንዳን ተከታትለው ይተኛሉ፤ የኋለኛው አፍንጫ የፊተኛውን ቂጥ ይነካል። ሲመታ እሳት የሚጭረው ክፍል ያለው ደግሞ እዚያው ቂጡ መሃል ነው። አፍንጫው ሹል ቢሆን ኖሮ፣ ጠመንጃው ተኩሶ ሲራገጥ ቱቦው ውስጥ ያለው ሊፈነዳ ይችል ነበር።

5.6 ግራም የሚመዝነው አረር በሰከንድ 445 ሜትር ገደማ ይበራል፤ ጉልበቱ 550 ጁል ያህል ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ በፈጣን የአጋዘን ጥይት የተመታ ጥንቸል ለድስት የሚበቃ ሥጋ አይተርፈውም። ለእኔ የ25-20 ብልሃቱ አቅመ ቢስነቱ ነው።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። 100 ሜትር ለመድረስ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ድረስ የመሬት ስበት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ያወርደዋል። ርቀት መገመት የማይችል አዳኝ ምሳውን ያጣል። በ1930ዎቹ ሆርኔት የሚባለው ቀጭን ጥይት እጥፍ ሊሆን ጥቂት በቀረው ፍጥነት ሲመጣ ገበያው ወደዚያ አደላ።

25-20 ራሱም ቢሆን ገና በልጅነቱ ጭስ አልባ ባሩድ መጉረስ ጀምሯል። ከዚያ ወዲህ ስሙ ላይ ያለው 20 የሚለካው ነገር የለም።