ለመቅኔ ንቅለ ተከላ ልጅዎን ውጭ ሀገር ከመውሰድዎ በፊት

አዳማም ይኑሩ ሞጆ፣ ባቱም ይኑሩ ሻሸመኔ፣ ሐኪሙ «ልጅዎ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል» ካለዎት መንገዱ ረጅም ነው። ሪፈር ተጽፎ ከአዳማ ወደ ጥቁር አንበሳ፣ ከዚያም ብዙ ጊዜ ወደ ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ። ቤት ይሸጣል፣ ዕቁብ ይወጣል፣ ዘመድ ያዋጣል። በዚህ ጥድፊያ መሀል አንድ ጥያቄ ይዘነጋል፦ ይህን ማዕከል ማን መረመረው?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። በንቅለ ተከላ ጊዜ የልጁ መቅኔ በከባድ መድኃኒት እንዲጠፋ ይደረግና ከለጋሽ የተወሰደ ስቴም ሴል በደም ሥሩ ይሰጠዋል። አዲሱ መቅኔ ሥራ እስኪጀምር ባሉት ሳምንታት ልጁ ተራ ጉንፋን እንኳ የሚቋቋምበት አቅም የለውም። የክፍሉ አየር፣ የነርሶቹ ልምድና የላብራቶሪው ጥንቃቄ ሕይወቱን ይወስናሉ።

ይህን የሚመረምሩ ሁለት የታወቁ አካላት አሉ፦ በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመው «ፋክት» እና በ1998 በአውሮፓ የተመሠረተው «ጄሲ»። መርማሪዎቹ የሙያው ሰዎች ሲሆኑ ሕክምናው የሚሰጥበትን፣ ስቴም ሴሉ የሚሰበሰብበትንና የሚዘጋጅበትን ቦታ ያያሉ።

ጄሲን ከ«ጄሲአይ» ጋር እንዳያምታቱት። ጄሲአይ ሆስፒታሉን በጠቅላላ እንጂ የንቅለ ተከላ ክፍሉን ለይቶ አይመዝንም። በግድግዳ ላይ የተሰቀለው የምስክር ወረቀት የትኛው እንደሆነ ይወቁ።

ገንዘብ ከመላክዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦

• እውቅናው ለንቅለ ተከላ ነው? መቼ ያበቃል?
• ልጆችን ይጨምራል ወይስ ለአዋቂዎች ብቻ ነው?
• ባለፈው ዓመት የልጄ ዓይነት ሕመም ያለባቸው ስንት ልጆች ታከሙ? ከ100 ቀንና ከአንድ ዓመት በኋላ ስንቱ በሕይወት አሉ?
• ወደ ሀገራችን ስንመለስ ለሐኪማችን የሚሰጥ የክትትል ዕቅድ አለ?

መልሱን ከደላላ አይጠብቁ፤ ከሆስፒታሉ በጽሑፍ ይቀበሉ። እውቅና ያላቸውን ማዕከላት ዝርዝር ሁለቱም አካላት በድረ ገጻቸው ስለሚያወጡ ራስዎ ማመሳከር ይችላሉ። ያገኙትንም ልጅዎን ለሚከታተለው ሐኪም ያሳዩ።

እርግጥ ነው፣ እውቅና የመዳን ዋስትና አይደለም። ነገር ግን ቤት ሸጠው ልጅዎን አደራ የሚሰጡት ለማን እንደሆነ ማወቅ መብትዎ ነው። ጠይቀው የሚቀየምዎት ማዕከል ካጋጠመዎት፣ ያም ራሱ መልስ ነው።