«አባ፣ ይሄ እኮ ጸሎት ነው»

በዝናቡ ወራት አንድ ማታ ነው። በፔታ ቲክቫ፣ ኪርያት ማታሎን ከሥራ ስወጣ ልጄ በመኪና ሊወስደኝ መጣ። በሩን ስከፍት ጩኸት ተቀበለኝ፤ ጊታሩ ያንባርቃል፣ ከበሮው ይወርዳል፣ ዘፋኙ ያጓራል። «ልጄ፣ እባክህ ዝጋው፣ ደክሞኛል» ልለው ስል ዜማው ተለወጠ። የማውቀው ዜማ ሆነ! በአስተሥርዮ፣ ጾሙ ሊፈታ ሲል፣ በሰፈራችን ምኩራብ የሚዜመው «ኤል ኖራ ዐሊላ» ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«አባ፣ ይሄ እኮ ጸሎት ነው» አለኝና ሳቀ።

ውድ ወላጆች፣ በየቤታችን እንዲህ ያለ ሙዚቃ በጆሮ ማዳመጫ ስለሚሰማ፣ ከልጄ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

የባንዱ ስም ኦርፋንድ ላንድ ነው፤ «ወላጅ አልባ ምድር» ማለት ነው። እስራኤላውያን ናቸው። በ1991 ሲጀምሩ ገና ወጣቶች ነበሩ፤ ስማቸውም ሌላ ነበር፣ በዓመቱ ለወጡት። የሚጫወቱት ሜታል የሚባለውን ከባድ ሙዚቃ ነው። ማጓራቱ ለኛ እንግዳ ቢመስልም፣ የአገራችንን ፉከራ ላስታወሰ ሰው ያን ያህል አይገርምም፤ ፎካሪም ድምፁን የሚለውጠው ቁጣውን ሊያሳይ ነው። «ፕሮግረሲቭ» የሚሉት ደግሞ ዘፈኑ ረጅም ሆኖ፣ ምቱ እየተለዋወጠ፣ አንዳንዴም አልበሙ በሙሉ አንድ ታሪክ ሲተርክ ነው።

መጀመሪያ የውጭ አገሮቹን ባንዶች ነበር የሚከተሉት። ነገር ግን በ1994 የመጀመሪያ አልበማቸው «ሳሃራ» በአንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ሲወጣ፣ የምሥራቁ ዜማ ገብቶበት ነበር። በ1996 የወጣው ሁለተኛው አልበም ስሙ ራሱ «ኤል ኖራ ዐሊላ» ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት ያህል አዲስ አልበም አላወጡም። ብዙ ሰው አለቀላቸው የሚለው እንዲህ ሲሆን ነው።

በ2004 ግን «ማቡል» ወጣ፤ የጥፋት ውሃ ማለት ነው። ታሪኩ ስለ ሦስት ልጆች ነው፤ እባብ፣ ንስርና አንበሳ። ሦስቱ የሦስቱን ሃይማኖቶች ይወክላሉ። ውሃው እንደሚመጣ ሰውን ያስጠነቅቃሉ፤ የሚሰማ ግን የለም። እኔ በመኪናው ውስጥ የሰማሁት ከዚህ አልበም ነው። ስማቸውም በዓለም የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው።

በ2010 በወጣው አልበም እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ስቲቨን ዊልሰን አብሯቸው ሠራ፤ ሽሎሚት ሌቪም በየመን አይሁዶች ዜማ ዘፈነችበት። በ2013 «ኦል ኢዝ ዋን» ሲወጣ ማጓራቱ ቀርቶ ለማለት ይቻላል፣ የመዘምራን ድምፅና የክር መሣሪያ በዛ። በዚያው ዓመት ኻላስ ከሚባለው የአኮ ከተማ ዐረቦች ባንድ ጋር በአንድ አውቶቡስ አውሮፓን ዞሩ። በ2018 በወጣው አልበም ደግሞ ማጓራቱ ተመለሰ። በመካከሉ ከመሥራቾቹ ሁለቱ ጊታሪስቶች ተለዩ፤ አንዱ በ2012፣ ሌላው ዮሲ ሳሲ በ2014። ዘፋኙ ኮቢ ፋርሂና የቤዝ ተጫዋቹ ኡሪ ዜልኻ ግን ቀጠሉ።

እኔን የገረመኝ ይህ ነው፤ እነዚህ ልጆች ዓለም የሰማቸው ሌላውን ስለመሰሉ አይደለም። በአያቶቻቸው ምኩራብ የሚዜመውን ይዘው ስለወጡ ነው። ዜማው ግን ከሰማይ አልወረደላቸውም፤ የሚያዜም ሽማግሌ ስለነበረ ነው ያገኙት።

የኛም ልጆች ይህን ጀምረዋል። በኢትዮጵያ ተወልዶ በዘመቻ ሙሴ የመጣው ጊሊ ያሎ፣ ከዝቩሉን ደብ ሲስተም ባንድ ጋር በ2014 በወጣው «አንበሳ ደብ» አልበም የአገራችንን ዘፈኖች በሬጌ ምት ዘፍኗል። የሚቀጥለው ልጅ ከማን ይማር?

ያን ማታ ቤት ስንደርስ ልጄ ሞተሩን አጥፍቶ «አባ፣ እናንተስ ጋ ምን ነበር የሚዜመው?» አለኝ። አባቴ በሰንበት ዋዜማ የሚያዜመውን ጀመርኩለት። ቄሱ ነጋሪትና ቃጭል እየተመታ የሚሉትንም። ግማሹ መጣልኝ። ግማሹ ጠፋኝ። አፈርኩ።

ታላቅ እህቴ ጋ ደወልን። «እትዬ፣ የአባታችንን ዜማ ታስታውሺዋለሽ?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና ጀመረች። ልጄ ስልኩን ወደ አፏ ድምፅ አስጠግቶ ቀዳው። መጨረሻው ላይ እሷም አንድ ቦታ ጠፋባት፤ ያን የሚያውቅ ሰው አሁን እየፈለግን ነው።

እናንተም ልጆቻችሁ ያንን ጩኸት ሲከፍቱ ወዲያው «ዝጋው» አትበሉ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ ጠይቋቸው። ከዚያ የናንተን አሰሟቸው፤ ሳይጠፋችሁ።